ከዚያስ?

ሳልሚያ ላይ፣ ከገበያው ማዕከል አራተኛ ፎቅ፣
መነጽር ሰጡኝ፣ ሩቁን አቅርቦ ቅርቡን የሚያርቅ።
የመጣሁት ለፋህድ ነው፤ ሽንት ቤት ለማድረስ፣
የተንጠባጠበ አይስክሬም ካገጩ ለማበስ።
ትኬቱ አራት ዲናር ተኩል፤ ማዳም ከፈለች፤
የኔ ቀን ሦስት ዲናር ናት፤ ወንበሬ በለጠች።

መብራት ጠፋ።
መርከቧ መጣች፤ ሆዷ ባናቴ ላይ ሰፋ፤
አለፈች፣ አለፈች፤ ጭራዋ አልደርስ አለ፤
ድምፁ ከወንበሬ ሥር አጥንቴ ውስጥ ዋለ።
ቀይ ፕላኔት ተሰነጠቀች እንደ ሮማን ፍሬ፤
ፍንጣሪው እንዳያገኘኝ ጎነበስኩ ከወንበሬ።
ሁለት ጨረቃ ወጣ፤ ባሕር ወደ ላይ ፈሰሰ፤
የብረት መንጋ፣ አንበጣ መሳይ፣ ሰማዩን ለበሰ።
አፌን ከፈትኩ። አልዋሽም፤ አፌን ከፈትኩ፤
የቆምኩበትን ሁለት ዓመት ከእግሬ አወለቅኩ።

ከዚያ ጀግናው ሊሄድ ሆነ። ልጁ በር ላይ ቆመች፤
ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሹራቧን እጅጌ አኘከች።
የኔዋም እጅጌ ታኝካለች። ወንበሬን ጨበጥኩ፤
"አሁን ምን ይላት ይሆን?" ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ፤
እኔ ያኔ ያልኩት ጠፍቶኝ ከሱ ልሰማ ጓጓሁ—

ፈነዳ።
ከተማው ፈነዳ። ድልድዩ ፈነዳ።
ልጅቷን ከዚያ ወዲያ ያያት የለም፤ እሱም አላነሳት፤
ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ብርሃን፣ እኔ ብቻ ፈለግኳት።

መኪና ውስጥ ተከራከሩ። ዳና፣ ትልቋ፣ "ባዶ ነው" ብላ ደመደመች፤
"ለቀለሙ ያን ሁሉ አውጥተው ለጸሐፊው ሳንቲም ሰሰቱ" አለች።
ማዳም፣ "ዓይኔ ጠግቧል፤ ሆድ የሚሞላ እቤት አለ።"
የፋህድ መልስ "ድው! ድው!" ነው፤ ጭኔን ከበሮ አስመሰለ።
እኔን የጠየቀኝ የለም።

ማታ፣ በሳህን ሰዓት፣ መስኮቴን ከፈትኩት፤
የወረባቦዋን ሩቅያ በማንኪያ ጠራኋት፤
መሀላችን ጉድጓድ ነው፣ ኤሲ የሚያንጠባጥብበት።
"ተረት ተረት።"
"የላም በረት።"
"አንድ ሰው ነበረ።"
"ከዚያስ?"
"ፈነዳ።"
"እሱ?"
"የለም፣ ከተማው።"
"ከዚያስ?"
"ደግሞ ፈነዳ።"
ድስቷን አቅፋ ሳቀች።
እኔ ግን ከፋኝ። "ሰርግ ነው" አልኳት፣ "ድንኳኑ ያማረ፣
ከበሮው ሰማይ የነካ፣ ሙሽራው የቀረ።"

ሩቅያ ውሃውን ዘጋች።
"ታሪክማ" አለች፣ "ከነፍሴ በላይ አለኝ።
ደላላው ታሪክ ነው። ወንድሜ በስሜ የተበደረው ታሪክ ነው።
የሴትዮዬ ዝምታ፣ ከጥር ጀምሮ፣ ታሪክ ነው።
ሦስት ዓመት ከዚህ መስኮት ሰማይ አላየሁም፤
ፓስፖርቴ ካለበት መሳቢያ ሌላ ሩቅ አገር አላውቅም።
ተይ ሰውየውን። መርከቧን ንገሪኝ።
ስንት ክንድ ናት? ቀለሟስ? አታሳጥሪብኝ።"

ሚዛን ይዤ ነበር፤ እጄ ላይ ተዛባ።
"ሰማያዊ ናት" አልኩ። "እንደ ምን?" "እንደ ጋዝ እሳት ዝቅ ሲል… እንደ ተልባ አበባ።"
"ትልቅ ናት?" "ከመስጊዱ እስከ ባሕሩ።"
"ከዚያስ?"
ከዚያማ ቃሌ አለቀ። ብርሃን በአፍ አይሻገርም፤
ሰው ካልተሸከመው ጉድጓዱን አያልፍም።
ስለዚህ ልጅቷን ከበሩ ላይ አነሳኋት፤
ጫማዋን አስሬ መርከቧ ጣራ ላይ አወጣኋት፤
ባሕሩ ሽቅብ ሲፈስ በእጅጌዋ ነካችው፣
እጅጌዋን እንደ ልማዷ አኘከችው።
"ጨው አለው?" አለች ሩቅያ።
"አለው።"
"ከዚያስ?"
ማዳም ጠራችኝ።

ሐሙስ ፋህድ "ይደገም" አለ። ያው ፊልም፣ ያው ወንበር።
ባሕሩ ሽቅብ ሲፈስ ጣራው ላይ ፈለግኳት፤
የለችም። ደነገጥኩ። "ማን ነው የቆረጣት?"
አልኩት በተሰባበረ አረብኛዬ። ዞሮም አላየኝ፤
ፈንዲሻ እያኘከ፣ "ዝም በይ፣ መጣች!" አለኝ።

መጣች።
አፌን ከፈትኩ።